ቀድሞ የሚሄደው እረኛ፦ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ የሕይወት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው የጾም ወራት በሳምንታዊ ጉባኤያችን የዳዊትን 22ኛ መዝሙር ስናጠና ሰነበትን። ዳዊት በልጅነቱ የአባቱን በጎች የጠበቀ ሰው ስለ ነበረ እግዚአብሔርን በእረኛ መስሎ፣ እርሱ የሚጠብቀው ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደማያጣ ይመሰክራል። መዝሙሩን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን በጥናቱ መካከል አንዲት እህታችን ተነሥታ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማችን በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ያፈራውን ንብረት አጥቶ ተሰዷል። እህታችን የጠየቀችው ይህ ሁሉ ከደረሰብን በኋላ ምንም የጐደለብን ነገር እንደሌለ አድርገን መዘመራችን እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ነበር። በዚያን ዕለት መልስ የሰጣት አልነበረም። ጸሎት አድርሰን በዝምታ ተለያየን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያን ጥያቄ ይዘን ስንመረምር ከቆየን በኋላ ነው። ፍለጋችን ከሁሉ ይልቅ የረዳን የአንድ አባት ሕይወት ሆነ። እኒህ አባት ጅግጅጋና አካባቢዋ በሐረርጌ ሀገረ ስብከት ሥር በነበሩበት ዘመን የእኛው ሊቀ ጳጳስ የነበሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ የሆኑት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ እረኝነት የተማርነውን አስቀድመን እንናገራለን።

እረኛ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን የከተማ ልጆች ነን፤ በግ የምናውቀው በበዓል ሰሞን ገበያ ነው። ስለዚህ እረኝነትን ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባናል ተባብለን በሠፈራችን ወደሚኖሩ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። እስላም ጎረቤታችን ናቸው፤ እኛም እንደ ልጆቻቸው አዴር እያልን እንጠራቸዋለን። በወጣትነታቸው ከቀብሪ በያህ እስከ ሐርሺን ባለው ሜዳ ግመልና በግ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሻይ አስቀርበው እስኪመሽ ድረስ አጫወቱን።

ከነገሩን ሁሉ በልባችን የቀረው ስለ ሳሃን ያስረዱን ነው። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ መንጋ ወደማይታወቅ ሥፍራ በጭፍን አይነዳም። በቅድሚያ አንድ ወይም ሁለት ብርቱ ሰዎች ይላካሉ። እነርሱም ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣሩ የት እንዳለ፣ በብርካው ውስጥ ውኃ መኖሩን፣ በመንገዱም በሽታ ወይም ጠብ አለመኖሩን አጣርተው ይመለሳሉ። ብርካ የሚባለው የዝናብ ውኃ እንዲጠራቀምበት በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ይህ የቅኝት ጉዞ ሳሃን ይባላል። ሳሃን የወጣ ሰው ሌሊትም ይጓዛል፤ ይራባል፤ ይጠማል፤ አውሬም ያጋጥመዋል። በጎቹ ይህን ሁሉ አያውቁም፤ የሚያውቁት ወደ ውኃው መድረሳቸውን ብቻ ነው።

ከአዴር ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ገባን። የእረኛ ሥራ መንጋው ከመጠማቱ በፊት ይጀምራል። ደግ እረኛ ስላለ ድርቅ አይመጣም ማለት ግን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር በክልላችን ስንት ከብት እንዳለቀ በዓይናችን አይተናል። ድርቅ በመጣ ጊዜ የሚወሰድበትን መንገድ አስቀድሞ የሚያውቅ እረኛ ያለው መንጋና እረኛ የሌለው መንጋ ግን አንድ አይደሉም። አሁን ወደ አባታችን ታሪክ እንግባ።

ልደትና ትምህርት

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው መልእክቱ ይባል ነበር። ደብረ ኤልያስ ከጥንት ጀምሮ በቅኔ መምህራኑ የታወቀ፣ ከየአገሩ ተማሪዎች የሚጎርፉበት ሥፍራ ነው።

በዚያ ዘመን ለአብነት ተማሪ ቀለብ የሚቈርጥለት የለም። ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ፣ በእመቤታችን ስም ከቤት ወደ ቤት እየለመነ ይማራል። ጧት ሲወጣ የዕለት እንጀራው ከየትኛው ደጅ እንደሚገኝ አያውቅም። ማታ ግን ከጎጆው ተመልሶ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ያላገኘውም ካገኘው ይበላል። የአገራችን ሊቃውንት እግዚአብሔር መጋቢ መሆኑን በመጽሐፍ ከማንበባቸው በፊት የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው። የመጋቢነቱም እጅ የአንዲት ድኻ ባልቴት እጅ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ያያሉ። አባታችን ያደጉት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በነበረበት አገር ነው።

በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ። ስለ መንጋው ሲል የሚሞት እረኛ ምን እንደሚመስል የዚያ ትውልድ ወጣቶች ያወቁት በሩቅ ዘመን ታሪክ አልነበረም፤ በራሳቸው ጊዜ አይተውታል።

የሐረርጌ ጳጳስ

እንደሚታወቀው ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ኖራለች። ከረዥም ድርድር በኋላ ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ ተቀቡ። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ እንኳ አልሞላም። ሀገረ ስብከታቸው ሐረርጌ እንዲሆን ተወሰነ።

ያን ጊዜ ሐረርጌ ማለት ከጨርጨር ደጋ ጀምሮ እስከ ኦጋዴን ቆላ የሚደርስ እጅግ ሰፊ ጠቅላይ ግዛት ነው። የእኛዋ ጅግጅጋ ከሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባቢሌ ወዲህ ካራማራን ተሻግሮ በሚገኘው ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። ከእርሷም ወዲያ እስከ ቶጎ ውጫሌ ጠረፍ ድረስ ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው። ሕዝቡ በብዛት እስላም ነው፤ ክርስቲያኑ ጥቂትና የተበታተነ ሆኖ ከነጋዴው፣ ከመምህሩ፣ ከወታደሩና ከቤተ ሰባቸው የተውጣጣ ነበር። በጎጃም ወይም በሸዋ ደብሩ ጥንታዊ ርስት አለው፤ ካህኑም የሰሞን መሬቱን አርሶ ይበላል። በእኛ በኩል ግን በዘላን አገር መካከል የተተከለች ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል የምትተማመንበት ርስት የላትም። ዕጣንዋና ጧፏ፣ የካህኑም ቀለብ የሚገኘው ምእመኑ በፈቃዱ ከሚያወጣው ነው።

አባታችን ይህን ሀገረ ስብከት ከሃያ ዓመት በላይ መርተዋል። ይህን ስናነብ በመካከላችን ብዙ ተነጋገርንበት። ከሁሉም በፊት ምእመናን ራሳቸው የሚደግፏት ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትመስል በየዕለቱ ሊያዩ በሚችሉበት ሥፍራ ያን ሁሉ ዘመን መኖራቸው እንዲያው ያለ ምክንያት ነው ብለን ለማመን አልቻልንም። በኋላ የሠሩት ታላቅ ሥራ ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ታየን።

ፓትርያርክነትና ሰበካ ጉባኤ

የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ጥቅምት 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ዐረፉ። መጋቢት 29 ቀን 1963 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ ተመረጡ፤ ግንቦት 1 ቀን በዓለ ሢመታቸው ተፈጸመ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የተሾሙት በካይሮ ስለ ነበረ በኢትዮጵያ ምድር የተሾሙ የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው።

በፓትርያርክነት የቆዩት አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ከሠሩት ሁሉ ትልቁ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ መቋቋሙ ነው። ዛሬ እኛ ሰበካ ጉባኤ ስንል ከጥንት የነበረ ነገር ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ግን አዲስ ነገር ነበር። ደንቡ በእያንዳንዱ አጥቢያ ምእመናን በአባልነት ተመዝግበው እንደ አቅማቸው እንዲያዋጡ፣ ካህናትና ምእመናን በአንድነት ሆነው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያስተዳድሩ ያዛል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በጉባኤው ውስጥ ቦታ አላቸው። እኛ ዛሬ ተሰብስበን የምንማረው በዚህ ሥርዓት ጥላ ሥር ነው።

ሥራው በቀላሉ አልተጀመረም። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን መሬት እያላት ከድኻው መዋጮ መጠየቋ እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር። በሌላ በኩል የካህናቱ ኑሮ ዝቅተኛ ስለ ነበረ በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ካህናት ደመወዛቸው እንዲሻሻል በአደባባይ ጠይቀዋል። ርስቱ ብዙ፣ ካህኑ ግን ድኻ መሆኑ ብዙ ሰው ያየው ነገር ነው። ይህን በእውነት መናገር ይገባናል፤ የቤተ ክርስቲያን ሀብት መሬት ሳይሆን ሕዝቧ መሆኑን ብዙዎች የተረዱት መሬቱ ከሄደ በኋላ ነው።

መሬቱም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ለዘመናት ገዳማትንና አድባራትን ያኖረው ርስት፣ ጉልትና የቤት ኪራይ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቋረጠ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚህ በኋላ በምን ትኖራለች የሚለው ጥያቄ የሁሉም ጭንቀት ሆነ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ድርቁ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። ብርካው የተቆፈረው ግን በ1965 ዓ.ም. ነው። ቃለ ዓዋዲ ሲወጣ ዘውዱ በቦታው ነበረ፤ መሬቱም በቦታው ነበረ። እግዚአብሔር መንጋው ከመጠማቱ በፊት ሰው ልኮ ውኃውን አዘጋጀ። ሰበካ ጉባኤው ባይኖር ኖሮ በዚያ የመከራ ዘመን ስንት አጥቢያ በሩን በዘጋ ነበር! በሳንቲም የጀመረው የምእመናን መዋጮ መቅደሱን ክፍት አድርጎ አቆየ። የሰበካ ጉባኤ አጠቃላይ ስብሰባ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ይደረጋል።

እስራትና ሞት

ውኃውን ያገኘው ሰው ግን ከውኃው ሳይጠጣ ቀረ። ደርግ ሳይፈቅድ ሦስት ጳጳሳትን ሾመዋል በሚል ምክንያት አቡነ ቴዎፍሎስ የካቲት 10 ቀን 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። የተሾሙት ጳጳሳትም ታሰሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ፓትርያርኩ በሕይወት ሳሉ በእርሳቸው ቦታ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሹመት ሳትቀበል ቀረች። አባታችን ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ከቆዩ በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በሥውር ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው ወር ነው። ሬሳቸው የት እንደ ተጣለ ለብዙ ዓመታት አልታወቀም።

እርሳቸው በእስር ሳሉ ሃያ ዓመት ያገለገሉት ሀገረ ስብከትም በእሳት ውስጥ ነበረ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማልያ ጦር እጅ ወደቀች። ከነዋሪው ብዙው ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ሸሸ። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ከካራማራው ውጊያ በኋላ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ሲመለሱ የጠበቃቸው የፈረሰ ቤት ነው። መልሰው ለመሥራት የሚረዳ ርስት አልነበረም። የነበረው ምእመናን እንደ አቅማቸው ማዋጣትን የተማሩበት ሥርዓት ነው። ያንን ሥርዓት የተከሉት አባት በዚያን ጊዜ በእስር ቤት ነበሩ፤ የተከሉት ተክል ግን በየአጥቢያው ፍሬ ይሰጥ ነበር።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ቀድሞ የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ተገኘ። በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንም በክብር ዐረፈ። መንጋው እረኛውን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ቀበረ።

ለእህታችን ጥያቄ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በዚህ ሕይወት ውስጥ ምንም አልጐደለም ለማለት ይቻላልን? መንበራቸውን አጥተዋል፤ ነፃነታቸውን አጥተዋል፤ በመጨረሻም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህን ሁሉ ቀለል አድርገን ብናልፈው ሐሰተኞች እንሆናለን። የ2010 ዓ.ም. ሐዘናችንንም እንዲሁ ቀለል አድርገን አናልፈውም። የሞቱት ወገኖቻችን አልተመለሱም፤ እናቶቻቸውም እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ።

እኛ የተረዳነው ይህ ነው። ዳዊት በዚያው መዝሙር ስለ ለምለም መስክና ስለ ዕረፍት ውኃ ብቻ አልተናገረም። ሞት ጥላውን ስለ ጣለበት ሸለቆም ተናግሯል። እረኛው በጎቹን ከሸለቆው አጠገብ አዙሮ እንደሚያሳልፋቸው አላለም፤ በሸለቆው ውስጥ አብሯቸው እንደሚሄድ ነው የመሰከረው። ስለዚህ የመዝሙሩ ተስፋ ምንም አናጣም የሚል አይደለም። መንጋው ወደ ቤቱ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ነገር ከእረኛው እጅ አይታጣም የሚል ነው። ይህንም እረኛው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያሰናዳዋል፤ የሚያሰናዳውም በሰው እጅ ነው።

ሁለተኛም የተማርነው አለ። እረኛችን ነው ብለን የምናመልከው ጌታ ራሱ ቀድሞን የሄደ ነው። ነፍሱን ስለ በጎቹ ሰጠ፤ እርሱ ተጠምቶ እኛን አጠጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ መንገዱን የተማሩት ከዚህ እረኛ ነው። ስለዚህ ሞታቸው እረኛው እንደ ተዋቸው የሚያሳይ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ነገር እኛን ወጣቶችን ይመለከታል። በእግዚአብሔር መጋቢነት መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አባታችን በእግዚአብሔር ስለ ታመኑ ደንብ አወጡ፤ ጉባኤ አቋቋሙ፤ ምእመናንን አስተባበሩ። እኛም በየወሩ ለሰበካ ጉባኤያችን የምናወጣት ጥቂት ብር ከእግዚአብሔር መግቦት ጋር የተያያዘች ናት። ዛሬ የምናስተምረው ሕፃን፣ የምንጠይቀው በሽተኛ፣ ከእስላም ጎረቤታችን ጋር የምንጠብቀው ፍቅር ሁሉ ነገ ለሚመጣው ድርቅ የሚቆፈር ብርካ ነው። ከውኃው እኛ እንጠጣ ወይም ሌላው ይጠጣ አናውቅም። ሳሃን የወጣ ሰውም ይህን አያውቅም፤ ቢሆንም ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ጉባኤያችንን ስንፈጽም ያንኑ መዝሙር እንደገና ዘመርን። ጥያቄውን ያነሣችው እህታችን መዝሙሩን የጀመረችልን እርስዋው ነበረች። እያለቀሰች ዘመረች፤ እኛም ተከተልናት።

የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በረከታቸው ይደርብን። ቀድሞን የሚሄድ እረኛ ሁላችንንም በቤቱ ያጽናን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።